ተለማማጇ ኤርፖርት ላይ ተይዛለች፤ የጋበዛት ኃላፊ ደግሞ ሥራ ለቋል። ምን ልላክላት?

የሰነድ ክፍል (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከውጭ ለተግባር ልምምድ የምትመጣ ልጅ አሁን ኤርፖርት ደርሳለች። ኢሚግሬሽን ግን ከሰልፉ አውጥቶ ወደ ጎን አስቀምጧታል። ኦፊሰሩ የግብዣ ደብዳቤዋ ላይ ባለው ስልክ ደወለ። ያነሳው የቀድሞው የክፍል ኃላፊያችን ነው። «እዚያ መሥራት ትቻለሁ፤ ስለ ልጅቷ የማውቀው ነገር የለም» ብሎ ዘጋው። የሚገርመው የጋበዛት እሱ ራሱ ነው፤ ስልኩም የግል ሞባይሉ ነው። ልጅቷ በዋትስአፕ እያለቀሰች ትጽፍልኛለች። ሥራ አስኪያጁ በረራ ላይ ነው። እኔ የሰነድ ክፍል ነኝ እንጂ ኤችአር እንኳን አይደለሁም። ሌላ ልጅ ደግሞ ነገ ይገባል። ምን ልላክላት?

ማኅተሙ
አዲስ ደብዳቤ ጻፍላት። የድርጅቱ አርማ ያለበት ወረቀት ላይ፣ ፊርማና ማኅተም አድርገህ፣ ስካን አድርገህ ላክ። አለቀ።

ሰባት ቁጥር
ሰውየው ሲለቅ ልጅቷንም አብሮ ለቀቃት ማለት ነው። የስንብት ኬክ ሳትቆርሱለት ቀርታችሁ ይሆናል።

ጋሽ ደንቡ
ልጄ፣ ይህ ዛሬ የተፈጠረ ችግር አይደለም። ከውጭ ተለማማጅ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሥራውን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አይጥልም። ደብዳቤ የሚጽፈው ድርጅት ነው፤ ስልኩም የድርጅት፣ ኢሜይሉም የድርጅት መሆን አለበት። አያስቴ (IAESTE) የሚባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር የቴክኒክ ተማሪዎችን በየሀገሩ ለልምምድ ሲያለዋውጥ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ነው። ተማሪው ሲደርስ የሚቀበለው የአገሬው ኮሚቴ ስላለ ነው ነገሩ የሚሄደው። ኤራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም የልምምድ ውሉን የሚፈርሙት ሦስት ወገኖች ናቸው፤ ተለማማጁ፣ ላኪው ትምህርት ቤትና ተቀባዩ ድርጅት። ውሉ ላይ የሚከታተለው ሰው በስም ይጻፋል። ሰውየው ሲቀየር ለውጡ ይመዘገባል። አሜሪካ ውስጥ ጄ 1 በሚባለው የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ ለሚመጣ ተለማማጅ ዲኤስ 7002 የሚባል የሥልጠና ዕቅድ አለ። እዚያም ተቆጣጣሪው በስም ሰፍሯል፤ ከተለወጠ ለስፖንሰሩ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ለሚያካሂደው ድርጅት፣ መንገር ግድ ነው። እናንተ ጋ ሰው ሲለቅ የሚረከበው ቁልፍና ላፕቶፕ ብቻ ነው። በስሙ የተጋበዘን እንግዳ ማን ተረከበ? ይህንን ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

የሰነድ ክፍል (ጠያቂ)
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ልጅቷ አሁን ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነው ያለችው።

ኢንተርን የነበርኩ
እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ አረጋጋት። ወደ ጎን መቀመጥ ማለት መባረር አይደለም፤ ተጨማሪ ጥያቄ ማለት ነው። የማታውቀውን «አላውቅም» ትበል። ገምታ አትመልስ። ሌላ ትልቅ ነገር፦ «እንዲህ በይ፣ እንዲያ በይ» ብለህ በዋትስአፕ አትጻፍላት። ስልኳን ሊያዩት ይችላሉ። አንተ በቅንነት የጻፍከው እንደ ተጠና መልስ ተቆጥሮ ይጎዳታል።

ለምን እንዴት
ቆይ ቆይ። ሁላችሁም ደብዳቤ ደብዳቤ ትላላችሁ። በምን ቪዛ ነው የመጣችው? ይህ ሳይታወቅ የሚጻፍ ደብዳቤ ሊያባብሰው ይችላል። የሀገሩንም ስም አልጻፍክም።

የሰነድ ክፍል (ጠያቂ)
ሀገሩን መጻፍ አልፈልግም፤ የሥራ ባልደረቦቼም እዚህ ያነባሉ። ቪዛው የጉብኝት ይመስለኛል። ክፍያ ስለሌለው ይበቃል ተብሎ ነበር። ደግሞ ወንድ አይደለሁም፤ ሁላችሁም አንተ አላችሁኝ 😅

ለምን እንዴት
ይቅርታ እህቴ። ግን እዚህ ላይ ነው ችግሩ። «ክፍያ ከሌለ ሥራ አይደለም» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ያስመልሳል። የእንግሊዝን ሕግ ብታዪ፣ በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ኢንተርንሺፕ ማድረግ እንደማይችል በግልጽ ተጽፏል። ተከፈለው አልተከፈለው የሚል ነገር የለውም። አሜሪካም ቢሆን ክፍያ አለመኖሩ ብቻውን ነጻ አያወጣም። ስለዚህ ጉዳዩ የሰውየው ስልክ ላይሆን ይችላል። ኦፊሰሩ «ልምምድ» የሚል ደብዳቤና የጉብኝት ቪዛ ጎን ለጎን ይዞ ከሆነ፣ አዲስ ማኅተም ምን ያደርግለታል?

ማኅተሙ
ደብዳቤው ላይ «ለጉብኝት» ብላችሁ ጻፉና ላኩ። አለቀ።

ለምን እንዴት
አላለቀም! የመጀመሪያው ደብዳቤ እጁ ላይ ነው። ሁለት የሚጋጩ ደብዳቤዎች ካየ ልጅቷ ብቻ ሳትሆን ድርጅቱም ዋሾ ይሆናል።

ሰባት ቁጥር
ማኅተሙ ወንድሜ፣ አንተ በማኅተም ጥርስ ትነቅላለህ።

ኤችአር በስደት
እህቴ፣ እኔ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ላግዝሽ። መጀመሪያ ልጅቷ የቪዛውን ገጽ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ፤ ስልክ መጠቀም ከፈቀዱላት ብቻ። «ይመስለኛል» በሚል አትሂጂ። ቪዛው የሥልጠና ወይም የልምምድ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ከዚያ አሁን ቢሮ ካሉት ውስጥ የመፈረም ሥልጣን ያለውን ሰው ፈልጊ። ፋይናንስ ኃላፊም ይሁን ምክትል፣ ችግር የለውም። አንቺ አትፈርሚ። ደብዳቤው የዛሬን ቀን ይያዝ፤ ወደ ኋላ እንዳትጽፉበት። እውነቱን በአንድ መስመር ጻፉ፦ «በቀድሞው ደብዳቤ የተጠቀሱት ኃላፊ ሥራ ስለለቀቁ ከዛሬ ጀምሮ ተቆጣጣሪዋ እገሌ ናቸው።» ሙሉ ስሟና የፓስፖርት ቁጥሯ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይግባ። የልምምዱ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን፣ የምትሠራበት ክፍል፣ የምታድርበት አድራሻ፣ ወጪዋን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ፣ ኢንሹራንስ እንዳላት። ቀኖቹ ለቪዛ ካስገባችው ጋር አንድ መሆናቸውን አረጋግጪ። ስልኩ የድርጅቱ መደበኛ ስልክ ይሁን። ከፊቱ ሰው አስቀምጡ፤ ልጅቷን በስም የሚያውቅ ሰው። ጥበቃው ወይም ጽዳት ላይ ያለች እናት አንስተው «ማናት እሷ?» ካሉ እንደገና ከዜሮ ነው። ኢሜይሉም ከድርጅቱ አድራሻ ይሂድ፤ ከጂሜይል አይሆንም።

የሰነድ ክፍል (ጠያቂ)
እሺ እሺ። እየጻፍኩ ነው። ፋይናንስ ኃላፊው ይፈርማል። ግን «በኋላ ጥያቄ ቢመጣ እኔ አላውቅም» እያለ ነው።

ሰባት ቁጥር
ሥራ ከለቀቀው ሰውዬ ጋር ዘመድ ናቸው እንዴ?

ሰባት ቁጥር
በነገራችን ላይ ከቀልድ ውጪ፣ ሽማግሌ ልከሽም ቢሆን ያንን ሰውዬ አናግሪው። ኦፊሰሩ መልሶ የሚደውለው አንዴ ለያዘው ቁጥር ነው። «ለቅቄያለሁ፣ ግን በእርግጥ ጋብዤያት ነበር፤ አሁን የሚመለከተው እገሌ ነው፣ ቁጥሩም ይኸውና» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ከአሥር ደብዳቤ ይበልጣል። በደመወዝ ተጣልታችሁ ከሆነም ለአምስት ደቂቃ ታረቁ።

ኤችአር በስደት
👆 ይህ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር ተናገረ። አድርጊው።

ኢንተርን የነበርኩ
ላኪው ዩኒቨርሲቲም ይደውል። በፕሮግራም ከመጣች ስፖንሰሩ ወይም ኤጀንሲው ለድንገተኛ ጉዳይ ስልክ ሰጥቷት ይሆናል፤ ወረቀቶቿ ውስጥ ትፈልግ። እኔን ያወጣኝ ያ ስልክ ነው። አለቃዬ ተኝቶ ነበር።

ጎረቤት
ኤምባሲዋ ይጠራላት! እ.ኤ.አ. በ1963 የቪየና ኮንቬንሽን መሠረት መብቷ ነው!

ጋሽ ደንቡ
ስለ ቆንስላ ግንኙነት የሚደነግገው ማለትህ ነው፤ አንቀጽ 36። እሱ ለታሰረ ሰው ነው። ልጅቷ ገና ጥያቄ እየተጠየቀች ነው። የሚያሳድሯት ወይም የሚይዟት ከሆነ ያኔ ትጠይቅ። በየትንሹ ቆንስላ አይጠራም።

የሰነድ ክፍል (ጠያቂ)
የቪዛውን ፎቶ ላከችልኝ። የሥልጠና ቪዛ ነው!! እኔ ነኝ ያምታታሁት። የጉብኝቱ የነገው ልጅ ነው። የቀድሞው ኃላፊ ስልክ አያነሳም፤ መልእክት ጽፌለታለሁ። ደብዳቤው ወጥቷል፤ ማኅተም እያደረጉበት ነው።

ለምን እንዴት
እንግዲያውስ ለእሷ ደብዳቤውና ስልኩ ይበቃሉ ብዬ አስባለሁ። ጭንቀቱ ወደ ነገው ዞረ። ልጁ ተሳፍሯል?

የሰነድ ክፍል (ጠያቂ)
ገና። ሌሊት ነው የሚነሣው።

ለምን እንዴት
አይነሣ። አሁኑኑ ደውይለት።

ጎረቤት
ኧረ ይምጣ! ስንቱ በጉብኝት ገብቶ ሲለማመድ አይተናል። ማንም አይጠይቅም።

ለምን እንዴት
እህታችን እየነገረችን ያለችው ምንድን ነው ታዲያ? የዛሬዋ ትክክለኛ ቪዛ ይዛ እንኳን ተጠይቃለች። እሱ ለልምምድ የሚል ደብዳቤና የጉብኝት ቪዛ ይዞ ሲቆም አስበው። ከሀገሩ ሳይወጣ ትኬት መቀየር የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው። ደርሶ ቢመለስ ግን መዝገብ ይከተለዋል። ለምሳሌ አሜሪካ ድንበር ላይ ኦፊሰሩ ከፈቀደ የመግቢያ ጥያቄህን አንስተህ በራስህ ትመለሳለህ። ካልፈቀደና በፈጣኑ ሥርዓት ካባረረህ ግን 5 ዓመት ያግድሃል። ለልምምድ ብሎ የሃያ ዓመት ልጅ ይህን ይሸከም?

ጎረቤት
እሷ አሜሪካ ነኝ አላለችም።

ለምን እንዴት
አላለችም። ለዚህ ነው ለምሳሌ ያልኩት። የሀገሯን ሕግ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ወይም ቆንስላው ይንገራት እንጂ እኔና አንተ አይደለንም። እስኪነገራት ግን ልጁ ቤቱ ይቆይ።

ኤችአር በስደት
እኔም ይቆይ ባይ ነኝ። ስትደውይለት ግን «ተሰርዟል» እንዳትይው። ልጁ ለቤተሰቡ ተሰናብቶ፣ የቤት ኪራይ አስረክቦ ይሆናል። «የቪዛህ ዓይነት ከልምምዱ ጋር ስለማይገጥም እናስተካክላለን፤ ቦታህ አለ» በይው፣ በጽሑፍም ላኪለት። ትኬቱን የመቀየሪያ ወጪ ድርጅቱ ይቻል። ስህተቱ የእሱ አይደለም። ፋይናንስ ኃላፊው አጠገብሽ ስለሆነ አሁኑኑ ጠይቂው 😄

ማኅተሙ
ለእሱም ደብዳቤ ጻፉለት።

ሰባት ቁጥር
😂😂😂

ጋሽ ደንቡ
አንድ ነገር ልጨምር። ኢንሹራንስ የሚለውን በደብዳቤው ውስጥ በአንድ ቃል ብቻ አልፋችሁታል፤ ወረቀቱ በእጇ አለ ወይ? ለሸንገን (ለአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ይጠየቃል። ለጄ 1 ደግሞ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር የሚሸፍን ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ተለማማጁ የሚይዘው የመንገድ መድን ነው፤ ሥራ ቦታ ላይ እጁን ማሽን ቢይዘው አይከፍለውም። የእናንተ የሠራተኞች መድንም ተለማማጅን ላያካትት ይችላል። ሰኞ ሥራ ሳትጀምር የመድን ውሉን አውጥታችሁ አንብቡት። «ሠራተኛ» ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ እዚያው ተጽፏል።

ኢንተርን የነበርኩ
ከሰኞ ጀምሮ ማን ሥራ ይሰጣታል? የጋበዛት ሰው የለም። እኔ የደረሰብኝ እሱ ነው። ከኤርፖርቱ ወጥቼ ቢሮ ስደርስ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ኮምፒውተር ሳይሰጠኝ ሰነባበትኩ፤ በኋላ ፎቶ ኮፒ ሲያስነሱኝ ከረሙ። አዲሱ ተቆጣጣሪ ደብዳቤው ላይ ስሙ መጻፉን ራሱ ያውቃል?

የሰነድ ክፍል (ጠያቂ)
ደብዳቤውን ልኬዋለሁ። ተቆጣጣሪ ብለን የጻፍነው ሰውዬ አሁን እየነገርኩት ነው። «ማን ፈቀደላችሁ» እያለ ነው። ኦፊሰሩ በዋናው ስልክ እየደወለ ነው መሰለኝ፣ ቆዩ

ሰባት ቁጥር
ማንም ሰው «አላውቃትም» እንዳይል አደራ!

ኤችአር በስደት
ከወጣች አሳውቂን። የሌሊቱን ልጅ እንዳትረሺው።

ጎረቤት
ምን ሆነች?

ማኅተሙ
ማኅተሙ አልተነበበላቸው ይሆናል። ጥቁር ሳይሆን ሰማያዊ ቀለም ተጠቀሙ።

አዲስ አባል 3
ሰላም፣ የኔም ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። እኛ ጋ የመጡት ሁለት ተለማማጆች ያለ ችግር ገብተዋል፤ ግን ባንኩ አድራሻ ካላመጣችሁ ሒሳብ አንከፍትም ይላቸዋል፤ አከራዩ ደግሞ የባንክ ሒሳብ ካላሳያችሁ ውል አልፈርምም ይላል። መላ ካላችሁ?

ኤችአር በስደት
አዲስ ጥያቄ አድርገህ ብትለጥፈው ይሻላል፣ እዚህ ይጠፋብሃል። ለጊዜው ድርጅቱ «በዚህ አድራሻ አስቀምጠናቸዋል» ብሎ ለባንኩ ቅርንጫፍ ኃላፊ በስም ይጻፍለት። አንዳንድ ባንክ ይቀበላል። ካልተቀበለ ድርጅቱ ራሱ የመጀመሪያውን ወር ይከራይላቸው፤ ውሉ በድርጅቱ ስም ይሁን፣ የሁለቱም ስም እንደ ነዋሪ ይግባበት። በዚያ ወረቀት ሒሳብ ከተከፈተ በኋላ ውሉን ወደ እነሱ ማዞር ነው።

ማኅተሙ
ማኅተም እንዳትረሱ።