ጥቆማ፦ ከፊልም ዲስክ የትኛውን የድምፅ ትራክ ላስቀር?

ሳሎን ሲኒማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በገንዘቤ የገዛኋቸውን የብሉሬይና የዲቪዲ ፊልሞች ወደ ሃርድ ዲስክ እየገለበጥኩ ነው። ዲስክ ይጫጫራል፣ ይሰነጠቃል፤ ሳይበላሹብኝ ቅጂ ልያዝ ብዬ ነው። ምስሉ አላስቸገረኝም፤ ግራ የገባኝ ድምፁ ነው። ሜክኤምኬቪ የሚባለው መገልበጫ ፕሮግራም ዲስኩን ሲከፍተው የትራክ መዓት ይዘረግፋል። አንዱ ላይ ትሩኤችዲ አትሞስ አለ፣ ከሥሩ ዶልቢ ዲጂታል 5.1 (አምስት ቻናልና አንድ የባስ)፣ ከዚያ ባለ 2 ቻናል ዶልቢ ዲጂታል ሁለት ቦታ፣ ከዚያ ሌሎች ቋንቋዎች። ሌላው ዲስክ ላይ ደግሞ ዲቲኤስ-ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ ነው ያለው። ሳሎን 5.1 ሪሲቨር (ድምፁን ፈትቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው መሣሪያ) አለኝ፤ ወደፊት የጣሪያ ስፒከር መጨመር እፈልጋለሁ። መኝታ ቤት ግን ቲቪው በራሱ ስፒከር ነው የሚሠራው። የትኛውን ላስቀር፣ የትኛውን ልጣል? ጥሩ ፕሮግራም ካለም ጠቁሙኝ።

ባለ ሪሲቨር፦
የፊልሙን ዋና ቋንቋ ትልቁን ትራክ ሳትነካካ አስቀር። ከጎኑ አንድ ዶልቢ ዲጂታል 5.1 ይኑር። የቀረውን ከመጣልህ በፊት አዳምጠው።

ምክንያቱን ልንገርህ። ትሩኤችዲና ዲቲኤስ-ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ ምንም ሳይጥሉ የታመቁ ናቸው። ሲፈቱ የመጀመሪያው ድምፅ ቢት በቢት ይመለሳል። ዶልቢ ዲጂታል ግን ጆሮ አይለየውም የተባለውን እየጣለ ነው የሚያንሰው። ብሉሬይ ላይ ከ640 ኪሎቢት በሰከንድ አያልፍም፣ ዲቪዲ ላይ ከ448።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከትሩኤችዲው ሥር ያየኸው ዶልቢ ዲጂታል የተደገመ ይመስላል፤ አይደለም። ዲቲኤስ-ኤችዲ በሆዱ ውስጥ ተራ ዲቲኤስ ይዟል። ትልቁን መፍታት ያቃተው መሣሪያ ያንን መዝዞ ያጫውታል። ትሩኤችዲ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ስለዚህ ነው ብሉሬይ ላይ ዶልቢ ዲጂታል አብሮት እንዲሄድ የተደረገው። ትርፍ መስሎህ ከጣልከው፣ ትሩኤችዲ የማያውቅ መሣሪያ ፊት ፊልምህ ዲዳ ይሆናል።

አትሞሱም፣ ማለትም ድምፅ ከላይ እንዲመጣ የሚያደርገው የከፍታ መረጃ፣ ያለው እዚያው ትሩኤችዲው ውስጥ ነው። የዛሬው 5.1 ሪሲቨርህ የከፍታውን መረጃ ትቶ ቀሪውን ያጫውታል። የጣሪያ ስፒከሩን የጨመርክ ቀን፣ አትሞስ የሚያውቅ ሪሲቨር ይዘህ ከሆነ፣ ፋይሉ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ዲቲኤስ ወይም ምንም፦
ይሄ ሁሉ ሐተታ ምን ያደርጋል? ዲቲኤስ ያለበትን አስቀር፣ ዶልቢውን ጣል። ባሱ ይለያል፣ ስፋቱ ይለያል። ከዲቪዲ ዘመን ጀምሮ ዲቲኤስ ነው የማዳምጠው፤ ወደ ሌላ አልሄድም።

ባለ ሪሲቨር፦
ወንድሜ፣ ዲቪዲ ላይ እኮ ነገሩ ሌላ ነበር። እዚያ ዲቲኤስ 754 ወይም 1509 ኪሎቢት ይሰጠው ነበር፤ ዶልቢ ቢበዛ 448። ክርክሩ ያኔ ትርጉም ነበረው። ብሉሬይ ላይ ግን ሁለቱም ምንም አይጥሉም፤ ከአንድ ዋና ቅጂ (ማስተር) ከተሠሩ የሚወጣው ድምፅ አንድ ነው። ዶልቢ ትራክ ውስጥ የንግግሩን መጠን የሚመዘግብ ቁጥር አለ። ሪሲቨሩ እሱን ተከትሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ለጆሮ የደከመ ይመስላል። ድምፃቸውን እኩል አድርገህ አወዳድራቸው።

ዲቲኤስ ወይም ምንም፦
ቁጥርህን ለራስህ። እኔ የምፈርደው በጆሮዬ ነው፣ ጆሮዬም ዲቲኤስ ብሏል።

ማኅደረ ፊልም፦
ስለ ዲቲኤስ ካነሳችሁ እኔም የሆድ የሆዴን ልናገር። ቅጂዎቼን የሠራሁት ዲቲኤስ ብቻ አስቀርቼ ነው። ያኔ የነበረኝ ቲቪ ያለ ችግር ያጫውታቸው ነበር። እሱ ሲበላሽ አዲስ ገዛሁ። ሻጩን «ዲቲኤስ ይከፍታል ወይ?» ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። «እመቤቴ፣ ይሄ የማይከፍተው ነገር የለም» አለኝ። ቤት ወስጄ ስከፍተው ምስሉ አለ፣ ድምፅ የለም! ይሄ የድምፅ ዓይነት አይደገፍም የሚል ጽሑፍ ብቻ። ልመልስ ብል ካርቶኑ ተከፍቷል ተባልኩ። ለአምራቹ ጻፍኩ፣ ያልጠየቅኩትን መለሱልኝ። ገንዘብ ከፍለን ገዝተን፣ ጠይቀን ገዝተን፣ እንዲህ ይደረጋል?

ኑሮ በስክሪን፦
ውይ እህቴ፣ ያሳዝናል። የየትኛው ድርጅት ቲቪ ነው? እኔም ልገዛ ነበር።

ማኅደረ ፊልም፦
ስሙን እዚህ አልጽፍም። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሱቁ ውስጥ አጫውቱ።

ኬብል ቆጣሪ፦
ሻጩ ዋሽቷል፤ ግን ነገሩ የአንድ ሞዴል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዲቲኤስን ከቲቪዎቻቸው ያወጡ ትልልቅ አምራቾች አሉ። በቲቪው በኩል ወደ ሳውንድባር ልለፍ ብትዪም ቲቪው ላያሳልፍልሽ ይችላል።

ኑሮ በስክሪን፦
ሳውንድባር ካነሳችሁ፣ ባለ አንድ ቁራጭ ይሻላል ወይስ የኋላ ስፒከር ያለው?

ስፒከር ወዳጅ፦
የኋላ ያለው። ያለ ኋላ ስፒከር ሲኒማ የለም።

ጣሪያው፦
እኔ ባለ አንድ ቁራጩን ነው የያዝኩት፣ በጣም ረክቻለሁ። ሽቦ የለ፣ ጣጣ የለ።

ቁም ነገር፦
እንኳን ደስ አለህ ሳሎን ሲኒማ! ስለ ትራክ ጠይቀህ ቲቪና ሳውንድባር ተመርጦልሃል። ትንሽ ብትቆይ ምንጣፍም እንመርጥልሃለን።

ኬብል ቆጣሪ፦
ልክ ነህ፤ ግን የኬብሉ ጉዳይ ትራክ መምረጡን ይነካዋል። ተራው አርክ፣ የቲቪውን ድምፅ በኤችዲኤምአይ ኬብል ወደ ሪሲቨር ወይም ሳውንድባር የሚመልሰው መንገድ፣ ትሩኤችዲንም ዲቲኤስ-ኤችዲንም አይሸከምም። ኦፕቲካል ኬብልም እንዲሁ፤ በእሱ የሚያልፈው ባለ 2 ቻናል ፒሲኤም (ያልታመቀ ድምፅ)፣ ወይም የታመቀ ተራ ዶልቢና ዲቲኤስ 5.1 ነው። ትልልቆቹን የሚችለው የተሻሻለው አርክ፣ ኢአርክ ነው፤ ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር በ2017 የመጣው፣ እስከ 37 ሜጋቢት በሰከንድ የሚያሳልፈው። ኢአርክ ከሌለህ ማጫወቻውን በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ ሰካው፣ ከሪሲቨሩ ወደ ቲቪው ምስሉን አሳልፍ። ይሄን ሳታስተካክል «ትልቁን ትራክ አስቀርቼ ለውጥ አላየሁም» ብትል አልፈርድብህም።

እና ማኅደረ ፊልም፣ ቅጂዎችሽ አልሞቱም። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከዲቲኤሱ ባለ 640 ኪሎቢት ዶልቢ ዲጂታል አውጥተሽ እዚያው ፋይል ላይ መጨመር ትችያለሽ። ምስሉ እንዳለ ይገለበጣል፣ ዲቲኤሱም አይነካም። አዲስ የሚሠራው ድምፁ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ትእዛዙ ካስቸገረሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እንሠራዋለን።

ማኅደረ ፊልም፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሞክረዋለሁ። ሻጩን ግን አልተውኩትም።

ቁጠባ፦
ሁሉንም ፍላክ ወደሚባለው የድምፅ ማመቂያ ቀይሩት። ምንም አይጠፋም፣ ቦታም ይቀንሳል። ለምን ትጨቃጨቃላችሁ?

ባለ ሪሲቨር፦
አትሞስ ወይም ዲቲኤስ-ኤክስ (የዲቲኤስ የራሱ አትሞስ መሰል) ካለው አትቀይረው። ፍላክ ቻናሎቹን እንጂ የከፍታውን መረጃ አይዝም፤ አንዴ ከሄደ ከፋይሉ መልሰህ አታገኘውም። ዲስኩ ላይ ያለው ጥሬ ፒሲኤም ከሆነ ግን ምክርህ ጥሩ ነው፤ ያኔ ፍላክ ብዙ ቦታ ያተርፋል።

በቁጠባ ካነሳኸው ሒሳቡን እንየው። ባለ 640 ኪሎቢቱ ትራክ ለ2 ሰዓት ፊልም 576 ሜጋባይት ይወስዳል። ትሩኤችዲ በአማካይ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ቢሄድ 3.6 ጊጋባይት ነው። ባለ ሁለት ንብርብር ብሉሬይ 50 ጊጋባይት ይይዛል፣ አብዛኛውን የሚበላው ምስሉ ነው። ቦታ የጠበበው ሰው ድምፁን ቢጥል ያን ያህል አያተርፍም።

ፊልም ተማሪ፦
ባለ 2 ቻናሎቹን ዝም ብለህ እንዳትጥላቸው! አንዱ የዳይሬክተሩ ማብራሪያ ሊሆን ይችላል። ባለ 192 ኪሎቢቱ ለ2 ሰዓት 173 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከምንም አይቆጠርም። እኔ ስለ ካሜራና ስለ ኤዲቲንግ ብዙ የተማርኩት ከማብራሪያ ትራኮች ነው። አዲስ እትም ሲወጣ ማብራሪያው የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ያለው የድሮው ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

የወንድሙ ጠባቂ፦
ሁለተኛው ደግሞ ለዓይነ ስውራን የተሠራ ትረካ ሊሆን ይችላል። ወንድሜ ዓይኑ አያይም። ንግግር በሌለበት ቦታ ተራኪው «በሩን ቀስ ብላ ከፈተች፣ ደብዳቤውን አነሳች» እያለ ይነግረዋል። ያ ትራክ ካለ አብረን ፊልም እናያለን፤ ከሌለ እኔ እየተረጎምኩ ሁለታችንም ፊልሙ ያልፈናል። ዝርዝሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አይጻፍም፣ ቋንቋውና የቻናሉ ብዛት ብቻ ነው የሚታየው። እባካችሁ ንግግር የሌለበት ቦታ ላይ ሄዳችሁ አዳምጡ። ዛሬ ባያስፈልጋችሁ እናትና አባት ሲያረጁ ያስፈልጋችኋል። ስታስቀሩት ኤምኬቪቱልኒክስ በሚባለው ፕሮግራም ስም ስጡት፣ «ነባሪ» የሚለውንም ምልክት አንሡለት፤ አለዚያ ፊልሙ ሲከፈት እሱ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል።

ሕግ ነክ፦
በየአገሩ ሕጉ ስለሚለያይ ያለህበትን አረጋግጥ። አሜሪካ ውስጥ የ1998ቱ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ዲስኩ የራስህ ቢሆንም የቅጂ መከላከያ ቁልፉን ማለፍ ይከለክላል። እንግሊዝ በ2014 ለግል ቅጂ ፈቅዳ ነበር፣ በ2015 ፍርድ ቤት ሻረው።

ዲቲኤስ ወይም ምንም፦
ሕጉም ቢሆን ዲቲኤስን አይከለክልም።

ማመቅ፦
ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ፕሮግራም የምትሠሩ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ዝግጁ አማራጮቹ ድምፁን ወደ ባለ 2 ቻናል ኤኤሲ ይቀይሩታል፤ ስንቱ ሰው 5.1ዱን ሳያውቅ ያጣው በዚህ ነው። የድምፅ ገጹ ውስጥ ገብታችሁ ሳይቀይር እንዲያሳልፍ እዘዙት። ከዚያ የወጣውን ፋይል በሚዲያኢንፎ ከፍታችሁ የቻናሉን ብዛት እዩ።

ሳሎን ሲኒማ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የትረካውን ነገር በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። አንድ ጥያቄ ልጨምር። መኝታ ቤት ባለው ቲቪ 5.1ዱን ሳጫውት ንግግሩ አይሰማም፣ ፍንዳታው ግን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ትራክ ብቀይር ይስተካከላል?

ኬብል ቆጣሪ፦
ሊሻል ይችላል። 5.1 ውስጥ ንግግሩ በአብዛኛው መሃለኛው ቻናል ላይ ነው። ቲቪው ሁሉንም ወደ ሁለት ስፒከር ሲጨምቀው ንግግሩ ከሙዚቃና ከፍንዳታ ጋር ይጋፋል። ዲስኩ ላይ የፊልሙ ራሱ ባለ 2 ቻናል ትራክ ካለ ለመኝታ ቤት እሱን አስቀር፤ ማብራሪያ አለመሆኑን አዳምጥ እንጂ። ከሌለ ዶልቢ ዲጂታሉን ምረጥና ማጫወቻው ላይ «የሌሊት ሁነታ» ወይም «ዳይናሚክ ሬንጅ» የሚለውን አብራ። ትራኩ ራሱ ጩኸቱን የሚያለዝብና ሹክሹክታውን የሚያነሳ መመሪያ ይዟል። ሳሎን ደግሞ ሪሲቨሩ ላይ መሃለኛውን ስፒከር 2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ ብታደርገው ይበቃል።

ኑሮ በስክሪን፦
እና በመጨረሻ የትኛውን አስቀረህ? እኔም አንተን ልከተል ነው።

ፊልም ተማሪ፦
እሱ እስኪመልስ እኔም ልጠይቅ። ማብራሪያውን ከድሮ ዲቪዲ አውጥቼ ብሉሬይ ቅጂው ላይ ብጨምረው መጀመሪያ ላይ ይገጥማል፣ እየቆየ ግን ይቀድማል።

ባለ ሪሲቨር፦
ዲቪዲው በአውሮፓ የተለመደው የቲቪ ሥርዓት፣ የፓል ይሆናል። ፓል በሰከንድ 25 ፍሬም ነው፤ ፊልም የሚቀረፀው በ24 ስለሆነ ከ4 በመቶ ትንሽ በላይ ተፋጥኖ ነው የሚወጣው። ሚሊሰከንድ በማዘግየት አይስተካከልም፣ ድምፁን ራሱን ማርዘም አለብህ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ፍጥነቱን በ0.959 አባዛው፤ ወፍራም መሆን የነበረበት ድምፅም ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው ጀምሮ እኩል የሆነ መዛነፍ ከቀረ ያኔ ኤምኬቪቱልኒክስ ላይ በሚሊሰከንድ ታስተካክለዋለህ።