የአይቲ ክፍል ከጠጋኝነት ወደ ውሳኔ፦ በጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ እኛ የአይቲ ባለሙያዎች ለደሴና ለኮምቦልቻ ድርጅቶች ሥራ አስኪያጆች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ሁለተኛ ረቂቅ ደርሷችኋል። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። የአይቲ ክፍል ተጠሪነት ከአስተዳደርና ጠቅላላ አገልግሎት ወጥቶ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ይሁን፤ ኃላፊው በማኔጅመንት ስብሰባ ይቀመጥ፤ ክፍሉ የራሱ በጀት ይኑረው። የአብዛኞቻችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ካላስገባን ለከርሞ ነው። «ጥሩ ነው» ብቻ የሚል አስተያየት አልቀበልም።

ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ አይቲ ባለሙያ፦ ሦስቱንም እቃወማለሁ። ወንበር ስጡን ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ሁለተኛው ገጽ ሳይገለጥ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሥራ አስኪያጁ የሚያውቀን ፕሪንተር እምቢ ሲለው ነው። ስብሰባው ላይ ተቀምጠን ምን ልንል ነው? ዲስክ ሞልቷል?

በምትኩ ይህን ልንገራችሁ። በምሠራበት ፋብሪካ የመለዋወጫ ግምጃ ቤቱን መዝገብ ከፍቼ አየሁት። ሞተር ባለበት ሁሉ የማይጠፋው 6205 ቁጥር ቤሪንግ፣ ውስጡ 25 ውጪው 52 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በሦስት ስም ተመዝግቧል፦ «ቤሪንግ 6205»፣ «የሞተር ኳስ ቤሪንግ»፣ «ቦሪንግ 25 ሚ.ሜ»። ጥገና ክፍል በመጀመሪያው ስም ሲጠይቅ ሲስተሙ የለም ይላል፤ የግዥ ጥያቄ ይወጣል። ዕቃው ግን በሦስተኛው ስም መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ ሁለተኛውን ቤሪንግ በስንት እንደገዛነው አስሉት። ግምጃ ቤት የዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ቢን ካርድ ያያል፣ ግዥ ደረሰኙን ያያል፣ ፋይናንስ የሒሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ያያል። ሦስቱንም ጎን ለጎን ማየት የሚችለው የእኛ ክፍል ነው። የጋራ ሐሳባችን ከዚህ ይነሣ።

የፋይናንስ ኃላፊ (በእንግድነት የተጋበዙ)፦ ልጆቼ፣ የምትጠይቁትን ገንዘብ የምከለክለው እኔ ነኝና ስሙኝ። «ሰርቨሩ አርጅቷል» የሚል ጥያቄ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ከጎኑ «የጭነት መኪናው ጎማ አልቋል» የሚል ይጠብቀዋል። ሁልጊዜ ጎማው ይረታል። መኪናው ቢቆም ስንት ኩንታል እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ሰርቨሩ ቢቆም ምን እንደሚቀር ግን የነገረኝ ሰው የለም። ረቂቃችሁ «ስትራቴጂካዊ አጋር» የሚለውን በየአንቀጹ ይደጋግመዋል። ብር የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁበት።

ከደሴ፣ የጤና ተቋም አይቲ ባለሙያ፦ እትዬ እውነትዎን ነው። እኛ «ሲስተማችን 99 በመቶ ይሠራል» ብለን እንኮራለን። 30 ቀን ባለው ወር ይህ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ መቆም ማለት ነው። 99.9 በመቶ ብናደርሰው ወደ 43 ደቂቃ ይወርዳል። ያም ሆኖ መቶኛው ብቻውን ምንም አይናገርም። ሌሊት ለሦስት ሰዓት ቢቆም ማንም ልብ አይለውም፤ ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍሉ በር ላይ ሰው ተሰልፎ ለሃያ ደቂቃ ቢቆም ግን ተራው ይቀላቀላል፣ ካርድ በወረቀት ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ያንኑ መልሶ ወደ ሲስተም ማስገባት ይመጣል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ስለዚህ ለሦስት ወር የሚሞላ ሠንጠረዥ እናዘጋጅ፦ የቆመበት ሰዓት፣ የተቋረጠው ሥራ፣ የታጣው ገቢ ወይም የጨመረው ወጪ። የመጨረሻውን ዓምድ ፋይናንስ ይሙላው። እኛ ከሞላነው አጋነኑ ይባላል።

ከደሴ፣ የንግድ ድርጅት አይቲ ባለሙያ፦ የአይቲ አመራርና አገልግሎት ዓለም አቀፍ የአሠራር መመሪያዎች የሆኑት ኮቢትና አይቲል በረቂቁ አልተጠቀሱም። ቢገቡ ክብደት አይጨምሩለትም?

መምህር፣ ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብን። ሁለት ሠራተኛ ያለው ክፍል ያንን ሁሉ አሠራር እተገብራለሁ ቢል ቅጽ ሲሞላ ይውላል። ሁለት ነገር ብቻ እንውሰድ፦ ብልሽት ሁሉ ይመዝገብ፤ ሲስተም ላይ ለውጥ የሚደረገው ማን እንደፈቀደው ተጽፎ ይሁን። የመለዋወጫ ስሞቹን ለማጥራት ደግሞ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ኬብል ከሚጎትቱ የግምጃ ቤቱን መዝገብ ከነዕቃው ያስታርቁ፤ ለእነሱም የተሻለ ትምህርት ነው።

ከኮምቦልቻ፣ የምግብ ማምረቻ አይቲ ኃላፊ፦ ረቂቁ የመጠባበቂያ ቅጂን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢ ውጪ የሚለውን ደንብ ሁላችንም እናውቀዋለን። የምናደርገው ግን የታወቀ ነው፤ የኮምቦልቻው ቅጂውን የሐረጎን ዳገት አውጥቶ ደሴ ያኖራል፣ የደሴው ወደ ኮምቦልቻ ያወርዳል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2014 ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች በቀናት ልዩነት ነው ያገኛቸው። የተዘረፈ ኮምፒውተር ይገዛል። ማን ስንት እንዳለበት የሚናገረው የዱቤ መዝገብ ከጠፋ ግን ድርጅቱ ከደንበኞቹ ደጅ ቆሞ «ስንት ነበረብህ?» ብሎ ሊጠይቅ ነው።

እንግዲህ ለቦርዱ አንድ ጥያቄ እናቅርብ፦ የስንት ቀን መዝገብ ቢጠፋ ሥራችሁን መቀጠል ትችላላችሁ? «አንድ ቀን» ካሉ ዋጋውን እንነግራቸዋለን፤ «አንድ ሳምንት» ካሉ ረከስ ይላል። ውሳኔው የእነሱ ነው፣ በቃለ ጉባኤም ይያዝ። ሦስተኛው ቅጂ አዲስ አበባ ይሁን እላለሁ። የውጭ አገር ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ማከማቻ) የሚመርጥ ካለ አስቀድሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያንብብ፤ ውስጡ የሠራተኛ ደመወዝና የጣት አሻራ አለ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ጸሐፊ፦ ሐሳባችሁን ይዤ ቅደም ተከተሉን ልገልብጠው። መጀመሪያ የሦስት ወሩ ሠንጠረዥ፣ ቀጥሎ የመለዋወጫ ስሞች ማጥራት፣ ከዚያ የመጠባበቂያ ቅጂ ውሳኔ። የተጠሪነቱ ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

ከደሴ፣ የጤና ተቋም አይቲ ባለሙያ፦ እሱ ላይ አልስማማም። ተጠሪነቴ ለአስተዳደር ሆኖ የሌላውን ክፍል መዝገብ ማን ያስከፍተኛል? «ምን አገባህ» ነው መልሱ። የኮምቦልቻው ወንድማችን ግምጃ ቤቱ ስለፈቀደለት አየ፤ ሁላችንም ያ ዕድል የለንም።

ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ አይቲ ባለሙያ፦ ይህስ ልክ ነው። እንግዲያው ከተጠሪነቱ ያነሰ እንጠይቅ፦ የግምጃ ቤት፣ የግዥና የሽያጭ መዝገቦችን ለማንበብ ብቻ የሚፈቅድ የዋና ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ፣ በየሩብ ዓመቱ ደግሞ ውጤቱን የምናቀርብበት ሠላሳ ደቂቃ በማኔጅመንት ስብሰባ።

ጸሐፊ፦ ተቃውሞ ከሌለ በዚህ ይጻፋል። የተጠሪነቱን ነገር ቅዳሜ ደሴ ስንገናኝ በድምፅ እንጨርሰው። ሠንጠረዡን የጤና ተቋሙ ባልደረባችን፣ የመጠባበቂያ ቅጂውን ክፍል የምግብ ማምረቻው ይጻፉ። እትዬ ከመባዛቱ በፊት የወጪ ዓምዱን እንዲያዩልን እንለምናለን።

የፋይናንስ ኃላፊ፦ አያለሁ። በኤክሴል ላኩልኝ እንጂ፤ በፒዲኤፍ ከመጣ አልሞላም።