ታሪፍ ሲጣል ከፋዩ ማነው?

ግራ_የገባው፦
ሰላም ቤቶች፣ እስኪ የገባው ያስረዳኝ። ዜና ላይ «እገሌ አገር ላይ 25 ፐርሰንት ታሪፍ ተጣለ» ሲሉ እሰማለሁ። ታዲያ ገንዘቡን የሚከፍለው ያ አገር ነው? ከሆነ ዋጋ የሚጨምርብኝ እኔ ላይ ለምንድነው? እሺ የውጪው ይወደድ፣ አገር ውስጥ የተሰራው ምን ሆንኩ ብሎ ነው አብሮ የሚንረው?

ትራንዚተሩ፦
ያ አገር ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም ወንድሜ። ከፋዩ አስመጪው ነው፣ እቃው ሲደርስ ዲክላራሲዮን የሚባል የጉምሩክ ቅጽ ይሞላል ቀረጡ (ታሪፉ ማለት ነው) ይሰላል ካልከፈለ እቃው ከመጋዘን ንቅንቅ አይልም፣ የመጋዘን ኪራዩ ደሞ ይቆጥራል። ከዛ ወይ ዋጋ ላይ ይጭነዋል ወይ ከትርፉ ይቀንሳል ወይ ላኪውን ቀንስልኝ ብሎ ይለምናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዞሮ ዞሮ ካንተ ኪስ ነው። ሰው የማያየው ደሞ ቫቱን ነው፣ በብዙ አገር የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው። 100 የነበረው ከነቀረጡ 125 ይሆናል፣ 10 ፐርሰንት ቫት ሲመጣበት 137.50። ያለ ቀረጥ 110 ነበር። 25 ጨመሩ የተባለው 27.50 ሆኖ አረፈው፣ ነጋዴው ትርፉን የሚይዘው በፐርሰንት ነው እንግዲህ ቀጥልበት።

ሊሊ፦
ሁለተኛውን እኔ ልሞክር። በፈረንጆቹ 2018 ላይ አሜሪካ ከውጪ በሚገባ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ታሪፍ ጣለች፣ ዋጋው 12 ፐርሰንት ገደማ ጨመረ፣ አገር ውስጥ የሚያመርቱትም ጭምር። ተፎካካሪህ ሲወደድ አንተ በድሮው ዋጋ ትሸጣለህ? የሚገርመው ማድረቂያውም ጨመረ፣ እሱ ላይ ታሪፍ የሚባል የለም! ሁለቱ ጥንድ ሆነው ስለሚሸጡ ጭማሪውን አከፋፈሉት። ያጠኑት ኢኮኖሚስቶች እንዳሉት የተፈጠረው ስራ ወደ 1,800 ነው፣ ለያንዳንዱ ስራ ሸማቹ በአመት ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሏል።

ዋልያው፦
ስለ ሸማች ብቻ አታውሩ እንጂ። ጀማሪ ፋብሪካ ከግዙፎቹ ጋር እኩል ታገል ሲባል በወራት ውስጥ ይዘጋል። ደቡብ ኮሪያ የመኪና ኢንዱስትሪዋን ያሳደገችው ለውጪ መኪና በሯን ዘግታ ነው።

ሊሊ፦
@ዋልያው እሱስ ልክ ነህ፣ ግን ኮሪያ ከለላውን ስትሰጥ ኤክስፖርት አድርጉ እያለች ታስጨንቃቸው ነበር። ዝም ብሎ ከለላ ከሆነ ያሰንፋል። ደሞ ታሪፉ ብረት ላይ ሲሆን ብረት አቅላጩ ይደሰታል፣ ብረት ገዝቶ በርና ማሽን የሚሰራው ያለቅሳል፣ የሚያለቅሱት ደሞ በቁጥር ይበዛሉ።

ትራንዚተሩ፦
አንድ ልጨምር፣ ታሪፍ አንዴ ከተጣለ መነሳቱ ከባድ ነው። አውሮፓ የአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ስትጭን አሜሪካ አጸፋውን በፈረንጆቹ 1964 የጭነት መኪና ላይ 25 ፐርሰንት ጣለች፣ የዶሮው ጠብ ተረሳ ቀረጡ ግን እስካሁን አለ። የአሜሪካው ፎርድ ራሱ እስከ 2013 ድረስ ከቱርክ ቫን ሲያስገባ የኋላ ወንበር ገጥሞ የሰው መኪና ነው ብሎ 2.5 ፐርሰንት ይከፍል ነበር፣ ከጉምሩክ ካለፈ በኋላ ወንበሩን ነቅሎ የእቃ መኪና አድርጎ ይሸጥ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2024 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ግራ_የገባው፦
ሃሃ በዶሮ ተጣልተው መኪና አስወደዱ በለኛ። ግን ታሪፉ ቢነሳስ፣ ዋጋው ይመለሳል?

ትራንዚተሩ፦
ቶሎ አይመለስም። ቀረጥ ከፍሎ ያስገባው ስቶክ አለዋ፣ ተፎካካሪ ካልመጣበት ደሞ ምን አስቸኮለው።