ኮትሊን ላይ ፕራይቬት የሆነ ዲፔንደንሲ (ክላሱ የሚጠቀምበት ሌላ ክላስ) እንዴት ነው ሞክ የምታደርጉት (ለቴስት በአስመሳይ የምትተኩት)?

ከዚራ_ዴቭ፦
ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረርም። የባጃጅ ታሪፍ የሚያሰላ አፕ እየሠራሁ ነው። የሚያሰላው ክላስ ርቀቱን ከኢንተርኔት የሚያመጣለትን ክላየንት እዚያው ውስጡ በፕራይቬት ቫል (ከውጭ በማይታይ ፊልድ) ይፈጥረዋል። ስለዚህ ይህን ክላስ ብቻ የሚፈትሽ ዩኒት ቴስት ባስኬድኩ ቁጥር እውነተኛው ሰርቨር ድረስ ይሄዳል፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ደግሞ ሒሳቡ ምንም ሳይሆን ቴስቱ ይወድቃል። እኔ የምፈልገው «ርቀቱ 4 ኪሎ ሜትር ነው» ብዬ ሰጥቼው ብሩን በትክክል ማስላቱን ማየት ብቻ ነው። በሪፍሌክሽን (ፕሮግራሙ ሲሮጥ ፊልዱን በስሙ ፈልጌ) ከፍቼ ልተካው ይሆን? ሞክኬ የሚባለውን የኮትሊን የሞክ ላይብረሪ ነው የምጠቀመው።

ጀጎል፦
አቦ ሪፍሌክሽኑን ተወው! ነገ የፊልዱን ስም ብትቀይር ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም፣ ቴስቱ ሲሮጥ ነው ጉድ የሚፈላው። ክላየንቱን በኮንስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲፈጠር በሚጠራው) ተቀበል። እዚያው ፕራይቬት ቫል ብለህ ጻፈው፣ ከውጭ ይሰጣል እንጂ ከውጭ አይታይም። ዲፎልት ቫልዩ (ምንም ካልተሰጠው የሚይዘውን) ከሰጠኸው አሁን የሚጠሩት ቦታዎች ሁሉ እንዳሉ ይቀጥላሉ፣ ቴስቱ ብቻ የራሱን ሞክ ያቀብላል።

ሳቢያን_ልጅ፦
ልክ ነው፣ ግን ኮዱ የሌላ ሰው ሆኖ መንካት ካልተቻለስ? ሞክኬ ውስጥ «ሞክኬ ኮንስትራክተር» የሚባል ፈንክሽን አለ፣ ክላየንቱ የትም ቢፈጠር ይጠልፈዋል። ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው፤ የሚያሰላውን ክላስ ከመፍጠርህ በፊት ካልጠራኸው ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ፊልዱ የሚሞላው ኦብጀክቱ ሲፈጠር ነው። ስትጨርስ አንሞክ አድርገው (ሞኩን አንሳው)፣ አለዚያ ወደሚቀጥለው ቴስት ይሻገርና ማን እንዳበላሸው ስትፈልግ ትውላለህ።

ገንደ_ቆሬ፦
ሞኪቶ የሚባለውን ሌላ የሞክ ላይብረሪ ለምትጠቀሙ፦ የኮትሊን ክላስ ኦፕን ካልተባለ ፋይናል ነው፣ ማለትም አይወረስም። ከ5 በታች ያለው ሞኪቶ በዲፎልቱ ሞክ አያደርገውም፣ ሞኪቶ ኢንላይን የሚባለውን ተጨማሪ መጨመር አለባችሁ።

ከዚራ_ዴቭ፦
ኮዱ የራሴ ስለሆነ በኮንስትራክተር አደረግኩት። ዋይፋዩን ዘግቼ አስኬድኩት፣ ሁሉም አረንጓዴ! የማታ ጭማሪ የምታሰላ ፕራይቬት ፈንክሽንም አለች፣ እሷንስ ሞክ ላድርጋት?

ጀጎል፦
ኧረ እሷን አትንካት። በስፓይኬ (እውነተኛውን ኦብጀክት ይዞ ከፊሉን ብቻ በሚተካው የሞክኬ ፈንክሽን) ይቻላል፣ ግን ስሟን በስትሪንግ እየጻፍክ ነው የምትጠራት፣ ያው የሪፍሌክሽኑ ጣጣ ነው። የማታ ሰዓት ስጠውና የሚወጣውን ብር ቼክ አድርግ። ሰዓቱን ከሲስተም የምታነብ ከሆነ ሰዓቱን የሚሰጠውን ክሎክም እንደ ክላየንቱ በኮንስትራክተር አስገባው። ጃቫ ታይም ውስጥ አንድ ሰዓት ላይ የሚቆም ክሎክ ፊክስድ አለልህ፣ ለእሱ ሞክም አያስፈልግህም።