አትሮፒን ሳንባውን ያደርቃል፤ ጡንቻውን ግን ለምን አያበረታም?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማላታይን የተባለውን ፀረ-ተባይ መርዝ የጠጣ ሰው ማርከሻው አትሮፒን ሲሰጠው ምራቁና ላቡ ይቆማል፤ የጡንቻው መንቀጥቀጥና መዛል ግን ይቀጥላል። ሁለቱንም የሚያመጣው አሴቲልኮሊን (ነርቭ ጫፉ ላይ የሚለቀው መልእክተኛ ኬሚካል) ከሆነ መድኃኒቱ ለምን አንዱን ብቻ ይፈታል? ላብስ በአብዛኛው ኖርአድሬናሊን የሚለቀው የሲምፓቴቲክ ነርቭ ሥራ አልነበረም?

ፋርማኮሎጂ፦
ልዩነቱ አሴቲልኮሊን የሚያርፍበት ተቀባይ ላይ ነው። ኦርጋኖፎስፌት (ማላታይን ያለበት የመርዝ ቤተሰብ) የሚይዘው አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሆነ አሴቲልኮሊን በየነርቩ ጫፍ ይከማቻል። በዕጢዎች፣ በሳንባ ቧንቧ፣ በልብና በአንጀት ያለው ተቀባይ መስካሪኒክ ነው፤ አትሮፒን የሚዘጋው ይህንኑ ነው። ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ግን ኒኮቲኒክ ስለሆነ አትሮፒን አይነካውም። ላብን በተመለከተ፣ ነርቩ ሲምፓቴቲክ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጫፉ ላይ የሚለቀው ኖርአድሬናሊን ሳይሆን አሴቲልኮሊን ነው፤ ዕጢው ላይ ያለውም ተቀባይ መስካሪኒክ ነው።

ድንገተኛ ክፍል፦
አትሮፒን ከአሴቲልኮሊን ጋር ለአንድ ቦታ ስለሚሻማ መጠኑ ከተለመደው በብዙ ይበልጣል። ለአዋቂ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም በደም ሥር ተጀምሮ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ በቂ ለውጥ ከሌለ እጥፍ ይደረጋል፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8። ይህ ብቻ 15 ሚሊግራም ነው፤ ባለ 1 ሚሊግራም አምፑል ከሆነ 15 አምፑል አስቀድሞ ይቅረብ። ግቡ ሳንባው እንዲጸዳ፣ የልብ ምት ከ80፣ የላይኛው የደም ግፊትም ከ80 በላይ እንዲሆን ነው። የዓይን ብሌን መስፋቱን ብቻ ዓይቶ ማቆም ስህተት ነው። ከዚያ ከጠቅላላው መጠን ከ10 እስከ 20% በየሰዓቱ በድሪፕ ይቀጥላል፤ ለ15 ሚሊግራም ከ1.5 እስከ 3 ሚሊግራም መሆኑ ነው። የአንጀት ድምፅ ጠፍቶ ትኩሳትና መቃዠት ከመጣ አትሮፒኑ በዝቷል፤ ድሪፑ ይቁም፤ ምልክቶቹ ሲበርዱ መጠኑ ተቀንሶ ይጀመር።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ገና አትሮፒን ሳይጀመር የልብ ምቱ 120 ከሆነስ? መከልከል የለበትም?

ድንገተኛ ክፍል፦
የለበትም። የሲምፓቴቲክ ጋንግሊያ (የነርቮቹ መገናኛ) እና አድሬናሊን የሚያመነጨው አድሬናል ዕጢም በኒኮቲኒክ ተቀባይ ስለሚነቁ ልብ ሊፈጥን ይችላል። የኦክስጅን ማነስም ያፈጥነዋል። ሳንባው ውኃ እንደሞላ ካለ አትሮፒኑ ይሰጥ፤ ኦክስጅኑም አብሮ ይሁን።

ፋርማኮሎጂ፦
ለጡንቻው የታሰበው ፕራሊዶክሲም ነው፤ ኢንዛይሙን ከመርዙ ያላቅቃል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠን በኪሎ 30 ሚሊግራም ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎም በኪሎ 8 ሚሊግራም በሰዓት ነው። ሁልጊዜ ከአትሮፒን ጋር እንጂ ብቻውን አይሰጥም። ጥናቶቹ ስለ ጥቅሙ አንድ ዓይነት ውጤት አላሳዩም፤ አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው። ማላታይን የያዘው ኢንዛይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ «ስለሚያረጅ» ከዚያ በኋላ አይላቀቅም። ዳያዚኖን በተባለው ሌላ ኦርጋኖፎስፌት ላይ ግን ከአንድ ቀን በላይ ፋታ አለ።

ማደንዘዣ፦
አንድ ልጨምር። ሕመምተኛው ከተሻለው በኋላም ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ የመተንፈሻ ጡንቻ ሊዝል ይችላል። ቀዳሚው ምልክት ጭንቅላትን ከትራስ ማንሳት አለመቻል ነውና በየጊዜው «ቀና በል» ተብሎ ይታይ። ቱቦ ማስገባት ካስፈለገም ለዚሁ ጡንቻን የሚያዝለውን መድኃኒት ሱክሳሜቶኒየምን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በመርዙ ስለተያዘ ለደቂቃዎች የታሰበው ሽባነት ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ሌላው ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ሮኩሮኒየም ካለ እሱ ይመረጥ።