የጀርመንኛ ቢ1 ፈተና አልፌአለሁ፤ ጀርመኖች ሲያወሩ ግን አይገባኝም

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሽቱትጋርት ነው፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ አውስቢልዱንግ (እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና) ጀምሬአለሁ። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ሲናገር ይገባኛል። ባልደረቦቼ እርስ በርስ ሲያወሩ ግን ግማሹ ያመልጠኛል። ትንሽ ስደናቀፍ ደግሞ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩብኛል። ቤት የምኖረው ከሐበሾች ጋር ስለሆነ ከሥራ ውጭ የማወራው አማርኛ ብቻ ነው። ከጀርመኖች ጋር የምለማመድበት መንገድ ለእህታችሁ ጠቁሙኝ። ለግል አስተማሪ የምከፍለው የለኝም።

መልስ፣ ከኡልም
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ነገር፣ የአካባቢሽ ሰው የሚያወራው ሽቬቢሽ የሚባለውን የአካባቢውን ዘዬ ነው። መጽሐፍሽ ላይ ያለው ጀርመንኛ አይደለም፤ ጆሮሽ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል።
ደግሞ አንቺ እኮ ጥሩ ቦታ ላይ ነሽ። የምትንከባከቢያቸው አዛውንቶች ጨዋታ ይናፍቃቸዋል። ፀጉራቸውን ስታበጥሪ አንድ ነገር ጠይቂ፤ ልጅ ሳሉ ገናን እንዴት ያከብሩ እንደነበር፣ ምን ሥራ እንደሠሩ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ያንኑ ታሪክ ደጋግመው ያወሩልሻል። መጀመሪያ ያልገባሽ በሦስተኛው ይገባሻል። ታዲያ «ዚ» እያልሽ አናግሪያቸው፤ አንቱታቸው ነው።
ባልደረቦችሽ እንግሊዝኛ ሲጀምሩ «ቢተ አውፍ ዶይች» (እባካችሁ በጀርመንኛ) በያቸውና በጀርመንኛ ቀጥዪ። አትፈሪ፤ አይከፋቸውም።

መልስ፣ ከሐምበርግ
እኔን የረዳኝ ታንደም ነው፤ ቋንቋሽን መማር ከሚፈልግ ጀርመናዊ ጋር ቋንቋ መለዋወጥ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት በእሱ ቋንቋ፣ ግማሽ ሰዓት በአንቺ ታወራላችሁ፤ ክፍያ የለውም። አማርኛ ማን ይፈልጋል እንዳትዪ፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይማሩታል። ነገሩም የቆየ ነው። ጀርመናዊው ምሁር ኢዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያዊውን መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስን በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ አገኛቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ድረስ መጥተው ግዕዝና አማርኛ አስረዱት። የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ በ1698 ታተመ። እንዲህ ያለ ሥራ የወጣው የቋንቋውን ባለቤት አጠገብ አስቀምጦ በመጠየቅ ነው።
ስለዚህ ቡና ጠጥታችሁ ብቻ አትለያዩ። ደብተር ያዢ። ሳምንቱን ሥራ ላይ ያልገባሽን ጽፈሽ ሂጂ። «ስሳሳት አርመኝ» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው፤ አለዚያ ብዙዎቹ እንዳያሳፍሩሽ ብለው ዝም ይላሉ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታንደም የሚሆነኝን ሰው ግን የት ነው የማገኘው?

መልስ፣ ከፍራንክፈርት
የከተማሽን ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ። በብዙ ከተሞች ሽፕራኽካፌ የሚባል ነፃ የቋንቋ መገናኛ አለ። በስልክ መተግበሪያም ይገኛል፤ ነገር ግን ቋንቋውን ሰበብ አድርጎ ሌላ ነገር የሚፈልግ ስለሚያጋጥም ሰው ያለበት ቦታ ተገናኙ። ከቻልሽ ፌራይን (ማኅበር) ግቢ፤ መዘምራንም ይሁን ስፖርት። በየሳምንቱ ያንኑ ሰው ስታገኚ ነው አፍሽ የሚፈታው።

መልስ፣ ከኡልም
አንድ ልጨምር። ፈረቃ ስትረካከቡ ወሬው ይፈጥናል። ቀደም ብለሽ ገብተሽ የታካሚዎቹን መዝገብ አንብቢ። ማን እንዳልበላ፣ ማን እንደወደቀ አውቀሽ ከገባሽ ንግግሩን መከተል ይቀልሻል።