የአያቴ ቢጫ ዶቃ እውነተኛ አምበር መሆኑን በምን ልወቅ?

የጀጎል ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር የነበሩት አያቴ ሲያርፉ የአንገት ዶቃቸው ለእኔ ደረሰኝ። 19 ትልልቅ ቢጫ ፍሬዎች ናቸው፣ አንዳንዱ ወደ ቀይ ያደላል፣ መሃል ላይ የብር ዶቃዎች አሉበት። ባለፈው ሳምንት ክሩ ተበጠሰብኝ። አንድ ጌጣጌጥ ቤት ወስጄ ሳሳየው ሰውየው በእጁ መዘን መዘን አደረገና «ፕላስቲክ ነው፣ ብሩን ብቻ ልግዛሽ» አለኝ። አያቴ በሠርጋቸው ቀን ያደረጉት ነው! እቤት እስክገባ አለቀስኩ። በምን ላረጋግጥ?

ዶቃ ሰብሳቢ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ብሩንም እንዳትሸጪ። አምበር በሚሊዮን በሚቆጠር ዓመት የደነደነ የዛፍ ሙጫ ነው፤ ለዚህ ነው እጅ ላይ የሚቀለው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨው እየጨመርሽ አማስዪ፣ አልሟሟ እስኪል ድረስ። ፍሬዎቹን ከክሩና ከብሩ ለይተሽ አንድ በአንድ ክተቺ። አምበር ከሆነ ይንሳፈፋል፣ ባክላይት የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ከሆነ ይሰጥማል። ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቂው። ኮፓል የሚባለው ገና በደንብ ያልደነደነ ሙጫም ስለሚንሳፈፍ መንሳፈፉ ብቻውን አይበቃም፣ የሚሰጥመው ግን አምበር አይደለም።

ቢሰጥምብሽም አትዘኚ። ባክላይትን ሊዮ ቤክላንድ የሠራው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በዚሁ ዓይነት ሰው ሠራሽ ሙጫ አውሮፓ ውስጥ የተሠሩ ቢጫ ዶቃዎች ለአፍሪካ ገበያ ይላኩ ነበር፤ ማሊም ሞሮኮም ብትሄጂ ሴቶች አንገት ላይ ታገኚያቸዋለሽ፣ ነጋዴው ዛሬም «የአፍሪካ አምበር» ይላቸዋል። ዕድሜ ሲጠግቡ ወደ ቀይ ይጠቁራሉ። ትናንት ከፋብሪካ ከወጣ ፕላስቲክ ጋር አንድ አይደሉም።

የብር ሥራ፦
እኔ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፣ ማንም ሰው በጋለ መርፌ እንዳይነካብሽ። እውነት ነው አምበር ሲነካ የሙጫ ሽታ ይሰጣል፣ ግን ምልክቱ አይጠፋም። የእናቴን ዶቃ አንድ ሱቅ እንዲህ አድርጎ መልሶልናል፣ ጥቁሯ ነጥብ እስካሁን አለች። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ኮፓልን ያጣብቀዋል፣ እንዳትሞክሪው። ሽቶም አታስነኪው። ስታሰሪው በጠንካራ የጥጥ ክር ይሁንና በየፍሬው መሃል ቋጠሮ ይግባበት፤ አምበር ለስላሳ ነው፣ እርስ በርሱ ሲፋተግ ይጫጫራል። ደግሞ ቋጠሮ ካለው ክሩ ቢበጠስም ሁሉም አይበተንም።

የጀጎል ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ትናንት ማታ ከእናቴ ጋር ሞከርነው። 16ቱ ሰጠሙ። 3ቱ ተንሳፈፉ፣ ከሁሉም ትንንሾቹና የተሰነጣጠቁት ናቸው። እናቴ ዝም ብላ አየቻቸውና እነዚያ ሦስቱ የአያቴ እናት ዶቃዎች ናቸው አለችኝ፣ ሌላውን አያቴ እየቆጠቡ አንድ አንድ እያሉ የጨመሩት ነው። ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር። ቅደም ተከተሉን ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ እንደነበረው አሰራዋለሁ።